ፋብሪካ የጀመረውን እጅ ሲጨርሰው
(ስለ ባለ ቆብ ሽጉጥ ቅጂና ስለ አስተካካዩ ባለሙያ)

አንባቢ ሆይ፥ ለጥቂት ጊዜ በሐሳብ አብረውኝ ወደ አሜሪካ አገር እንዲጓዙ እለምንዎታለሁ። ከወር ደመወዝዎ ጥቂት ጥቂት እየቀነሱ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ይዘው ከአንድ የመሣሪያ መደብር ገቡ እንበል። በመስተዋት ሣጥን ውስጥ አንድ ሽጉጥ ተጋድሞ ያያሉ። አፈሙዙ ጠቆር ባለ ሰማያዊ ቀለም ያብረቀርቃል፤ የምላጩ መከለያ ናስ ነው፤ እጀታው በሚገባ ከተወለወለ እንጨት የተጠረበ ነው። የተሠራው በቅርብ ጊዜ ነው፤ መልኩ ግን የ1851 ነው። ሻጩም፥ «ይህ የሳሙኤል ኮልት ሽጉጥ ቅጂ ነው፤ ባሩዱና እርሳሱ በየቤቱ እየተጠቀጠቀ ይተኰሳል» ይልዎታል። ዋጋውን ከፍለው ይወስዱታል።

በማግስቱ ከዒላማው ሜዳ ይወርዳሉ። አንዱ ተኰሰ፤ ሁለተኛውም ተኰሰ፤ በሦስተኛው ላይ ግን መዶሻውን ወደ ኋላ ቢስቡት ከበሮው አልዞርም ብሎ ድርቅ አለ። ወደ ዒላማው ሄደው ሲመለከቱ ደግሞ ሁለቱ እርሳሶች ካነጣጠሩበት ቦታ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብለው አልፈዋል። ያ ሁሉ ውበት የውጭ አልጋ የውስጥ ቀጋ ሆነብዎ።

እንግዲህ ምን ይላሉ? ሻጩ አታለለኝ ይሉ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሻጩም አላታለለዎትም፥ ሽጉጡም አልተሰበረም። የጐደለው ነገር ቢኖር ሥራው ገና አለማለቁ ብቻ ነው። የቀረውን የሚጨርሰው ሌላ ሰው ነው፤ ይኸውም በሞርሳና በሞረድ አጠገብ ተቀምጦ የሚውለው የጠመንጃ ባለሙያ ነው። በዛሬው ጽሑፌ ይህ ሰው ምን እንደሚሠራ፥ ለድካሙም የሚጠይቀው ገንዘብ የሚገባው እንደ ሆነ ላስረዳዎት እሞክራለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚያገኟቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ባለ ቆብ ሽጉጥ ማለት

በዛሬው ጥይት ውስጥ ባሩዱም፥ እርሳሱም፥ እሳት የሚያስነሣውም ነገር በአንድ ቀለህ ተጠቃለው ይገኛሉ። በጥንቱ ሽጉጥ ግን ሦስቱም የተለያዩ ነበሩ። ተኳሹ በከበሮው ላይ ወዳሉት ስድስት ቤቶች በፊት በኩል ባሩድ ያፈስሳል፤ በላዩም ድቡልቡል እርሳስ ያስቀምጥና ከአፈሙዙ ሥር ባለው ዘንግ እየተጫነ ይጠቀጥቀዋል። ከዚያም በኋላ በእያንዳንዱ ቤት ጀርባ ባለችው፥ «ጡት» በምትባለው ቀዳዳ ብረት ላይ ትንሽ የመዳብ ቆብ ይደፋባታል። በቆቡ ውስጥ ሲመታ እሳት የሚተፋ ቅመም አለ። መዶሻው ቆቡን ሲመታው እሳቱ በቀዳዳው ገብቶ ባሩዱን ያቀጣጥለዋል።

በአገራችን አባቶቻችን በአፈሙዙ በኩል የሚጐርሰውን ጠመንጃ «ቁመህ ጠብቀኝ» እያሉ ይቀልዱበት እንደ ነበረ አንባቢዬ ሳይሰሙ አይቀሩም። ባለ ቆቡ ስድስት ጎራሽም ለመጕረስ ያው ጊዜ ይፈጅ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከጐረሰ በኋላ ስድስት ጊዜ ይናገራል። ለዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበረ።

በምት እሳት የማስነሣቱን ብልሃት ያስገኘው አሌክሳንደር ፎርሳይዝ የተባለ የስኮትላንድ ቄስ ነው። ይህ ቄስ አደን ይወድ ነበርና የጥንቱ ጠመንጃ ብልጭታ ወፎቹን እያስደነገጠ ስላስቸገረው መላ ሲፈልግ ቈይቶ በ1807 የፈጠራውን መብት በስሙ አስመዘገበ። የመዳቡ ቆብ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ሳሙኤል ኮልት ደግሞ በ1836 ስለ ተሽከርካሪው ከበሮ የአሜሪካን መንግሥት የፈጠራ መብት አገኘ። የመጀመሪያው ኩባንያው ቢከስርም ተስፋ ሳይቈርጥ እንደ ገና ተነሣ። በ1851 ያወጣው፥ «ኔቪ» የተባለው ሽጉጥ ከ200,000 በላይ ተሠርቷል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1868 መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ያሳለፉበት ሽጉጥ ከእንግሊዝ ንግሥት ከቪክቶሪያ በስጦታ የተላከላቸው እንደ ነበረ ይታወቃል። ያም ዘመን የባለ ቆቡ መሣሪያ ዘመን ነበረ። ብዙም ሳይቈይ ባለ ቀለሁ ጥይት እየተስፋፋ ስለ ሄደ ባለ ቆቡ ሽጉጥ ከወታደር ወገብ ወርዶ ወደ ግድግዳና ወደ ሣጥን ገባ።

መኪናና ሞረድ

ኮልት በ1855 በሃርትፎርድ ከተማ ያቋቋመው ፋብሪካ በዘመኑ ስመ ጥር ነበረ። ሐሳቡም ይህ ነው፤ እያንዳንዱን የሽጉጥ ክፍል በመኪና አንድ ዓይነት አድርጎ መሥራትና ማንኛውም ክፍል ከማንኛውም ሽጉጥ ጋር እንዲገጥም ማድረግ። ሐሳቡ ታላቅ ነበረ፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው አልደረሰም። ከመኪናው የወጣው ብረት በሞረድ ካልተቃና ከጓደኛው ጋር በሚገባ አይገጥምም ነበር። ስለዚህ በሞረድ የሚያገጣጥሙ ሠራተኞች በፋብሪካው ውስጥ ነበሩ፤ የአንዱ ሽጉጥ ክፍልም ከሌላው ጋር እንዳይደባለቅ ቍጥር ይመታበት ነበር። እንግዲህ ዛሬ በቤተ መዘክር የምናደንቀው ጥንታዊ ኮልት የመኪናና የእጅ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ቅጂው እንመለስ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተደረገው ከ1861 እስከ 1865 ነው። መቶኛው ዓመት ሲቃረብ በጥንቱ መሣሪያ ዒላማ የመምታት ፍቅር በአሜሪካኖች ዘንድ በረታ፤ ሰሜንና ደቡብ ተብሎ በቡድን እየተለዩ የሚወዳደሩበት ማኅበርም በ1950 ተቋቁሞ ነበር። የጥንቶቹ ሽጉጦች ግን ውድ ነበሩ፤ አርጅተውም ነበርና መተኰሱ ያሳዝናል። በዚህ ጊዜ ቫል ፎርጌት የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ ወደ ኢጣሊያ ሄዶ ቅጂው እንዲሠራለት ተዋዋለ። ቦታው በሰሜን ኢጣሊያ፥ በብሬሺያ አውራጃ ያለችው ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ ናት። በዚያ ሸለቆ የጠመንጃ ሥራ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው፤ የቤሬታ ቤተ ሰብ ከ1526 ጀምሮ እንደ ሠራ በመዝገብ ይገኛል። አልዶ ኡቤርቲም በ1959 ፋብሪካውን በዚያው ከፈተ። እስከ ዛሬም ከባለ ቆቡ ሽጉጥ ቅጂዎች አብዛኞቹ የሚመጡት ከዚያው ከብሬሺያ አውራጃ ነው።

እያንዳንዱ ሽጉጥ ከኢጣሊያ ሳይወጣ በመንግሥቱ ሕግ መሠረት ከመሞከሪያ ቤት ይቀርባል፤ ከልክ ያለፈ ባሩድ ጐርሶ ይተኰስና ካልፈነዳ ማኅተም ይመታበታል። አንባቢዬ ይህን በሚገባ ያስተውሉ፤ ማኅተሙ የሚመሰክረው ሽጉጡ የማይፈነዳ መሆኑን ነው እንጂ በሚገባ የተገጣጠመ መሆኑን አይደለም። በጥንቱ ፋብሪካ የነበረው የሞረድ ሠራተኛ ረዥም ሰዓት በቅጂው ዋጋ ውስጥ አልተጨመረም። ዋጋው ቢጨመር ኖሮ እርስዎ ባልገዙት ነበር።

ባለሙያው ሲመረምር

ሽጉጡን ይዘው ወደ ባለሙያው ቤት ሲገቡ ሞረዱን አንሥቶ ይቀበለኛል ብለው አያስቡ። መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ ነው። «ለምን ይፈልጉታል? ለዒላማ ውድድር ነው? ወይስ ከግድግዳ ሊሰቅሉት?» ከዚያም ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ስድስቱንም ቤት አይቶ ካረጋገጠ በኋላ ወደ ጆሮው አስጠግቶ መዶሻውን ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ይስበዋል። ልምድ ላለው ሰው የብረቱ ድምፅ ብዙ ይናገራል። «ጠርጥር፥ ከገንፎም አለ ስንጥር» የሚለው ተረት ለዚህ ሰው የሥራው መመሪያ ነው።

አንደኛ የሚመለከተው ሽብልቁን ነው። ኮልት በከበሮው ላይ የሚያልፍ የብረት ድልድይ የለውም፤ አፈሙዙንና የኋላውን አካል አንድ ላይ የሚያስረው በዘንጉ ውስጥ የሚያልፍ አንድ ሽብልቅ ብቻ ነው። የዘንጉ ጫፍ በአፈሙዙ ሥር ካለው ጉድጓድ መጨረሻ ደርሶ መርገጥ ይገባዋል። በብዙ ቅጂዎች ግን ዘንጉ ጥቂት ያጥራል። ስለዚህ ሽብልቁን ጠበቅ አድርገው ሲመቱት አፈሙዙ ወደ ኋላ ይሳብና ከበሮውን ይይዘዋል፤ ላላ ሲያደርጉት ደግሞ ክፍተቱ ይሰፋል። ባለሙያው በዘንጉ ጫፍ በልኩ የተሠራ የብረት ቍራጭ ይጨምርና ጕድለቱን ይሞላዋል። ከዚያ ወዲህ ሽብልቁ በተመታ ቍጥር አፈሙዙ ከዚያው ቦታ ይቀመጣል፤ በከበሮውና በአፈሙዙ መካከል የሚቀረውም ክፍተት የአንድ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት ያህል፥ ማለት ከሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ ትንሽ ቢበልጥ ነው። የብረት ድልድይ ያለው የሬሚንግተን ቅጂ ይህ ችግር የለበትም።

ሁለተኛው መቀርቀሪያው ነው። መዶሻውን ወደ ኋላ በሳቡ ቍጥር ባለሙያዎቹ «እጅ» የሚሏት ትንሽ ብረት ከበሮውን ገፍታ ከስድስት አንድ እጅ ታዞረዋለች። በዚያው ጊዜ ከከበሮው በታች ያለው መቀርቀሪያ ዝቅ ብሎ ያሳልፈዋል፤ የሚቀጥለው ቤት ከአፈሙዙ ፊት ሲደርስም ብቅ ብሎ ይቈልፈዋል። መቀርቀሪያው ቸኵሎ ብቅ ካለ የከበሮውን ገላ እየፋቀ ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ ጭረት ያወጣበታል። ዘግይቶ ብቅ ካለ ደግሞ ከበሮው ቦታውን አልፎ ሊሄድ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ እርሳሱ ወደ አፈሙዙ በትክክል አይገባም፥ ጠርዙን ይገጫል። ይህን ለማቃናት ከመቀርቀሪያው እግር ላይ የሚነሣው ብረት እንደ ፀጕር የቀጠነ ነው።

ሦስተኛው ሽጉጥዎን በሦስተኛው ተኵስ ያደረቀው ነገር ነው፤ ይኸውም ቆቡ ነው። ቆቡ ሲፈነዳ ይቀደድና ስብርባሪው በመዶሻው መንገድ ይወድቃል፤ ወይም በከበሮውና በአካሉ መካከል ይሸጐጣል። ባለሙያው ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ የመጡትን ጡቶች አውጥቶ ከገበያው ቆብ ጋር በልክ የሚገጥሙ ሌሎች ጡቶች ያገባል። የመዶሻውንም ፊት ያለሰልሳል፤ ስብርባሪው የሚገባበትንም ስንጥቅ የሚጠብቅ መከላከያ ያደርግበታል።

አራተኛው የስድስቱ ቤቶች ስፋት ነው። እርሳሱ ከቤቱ አፍ ጥቂት መወፈር አለበት፤ ሲጠቀጠቅ ዙሪያው ተላጭቶ እንደ ቀጭን ቀለበት የሚወድቅ እርሳስ ከታየ ቤቱ በሚገባ ተከድኗል ማለት ነው። ነገር ግን የቤቱ አፍ በአፈሙዙ ውስጥ ከተቀረጹት ጠመዝማዛ መስመሮች ጥልቀት ከጠበበ እርሳሱ ቀጥኖ ይወጣና አፈሙዙን አይሞላም፤ ስለዚህ በቀጥታ አይሄድም። ባለሙያው ስድስቱንም ቤቶች በአንድ ልክ ያሰፋቸዋል። በ44ቱ ካሊበር ብዙ ጊዜ የሚጐርሰው እርሳስ 11.5 ሚሊሜትር ያህል ወርድ አለው፤ ልዩነቱ ግን የሚለካው በሚሊሜትር መቶኛ ነው።

አምስተኛው ማነጣጠሪያው ነው። የኮልት የኋላ ማነጣጠሪያ በመዶሻው ራስ ላይ የተቈረጠች ስንጥቅ ናት፤ የፊቱም አጭር ነው። በዚህ ምክንያት በ25 ሜትር ላይ እርሳሱ ከፍ ብሎ ያልፋል። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ረዘም ያለ የፊት ማነጣጠሪያ ይተከልና ከሜዳው ላይ እየተኰሱ በሞረድ ጥቂት ጥቂት ማሳጠር ነው። ማነጣጠሪያው ባጠረ ቍጥር እርሳሱ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ከዒላማው መካከል ሲደርስ ሞረዱን ማስቀመጥ ነው።

«እምቢ» የሚልበት ጊዜ

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር እንምጣ። እርስዎ፥ «ምላጩ ከበደኝ፤ እንደ ላባ ይቅለልልኝ» ይሉታል እንበል። ደኅና ባለሙያ ምላጩን ያለሰልሳል፤ ከጠየቁት ልክ ላይ ግን «እምቢ» ይላል። ምክንያቱ ይህ ነው። መዶሻው ወደ ኋላ ተስቦ የሚቆመው የምላጩ ጫፍ ከመዶሻው ጥርስ ጋር ተያይዞ ነው። ያ ጥርስ ፊቱ ብቻ በእሳት የጠነከረ ነው፤ ጠንካራው ገላ ስስ ነው። ብዙ ከተሞረደ ለስላሳው ብረት ይገለጣል፤ ለስላሳውም ብረት በጥቂት ጊዜ ይበላል። ከዚያ ወዲያ ምላጩ ሳይነካ መዶሻው ሊወድቅ ይችላል። ሽጉጥ ሳይታሰብ የተኰሰ ዕለት ደግሞ የሚጐዳው ባለ ሽጉጡ ብቻ አይደለም፤ አጠገቡ የቆመው ጓደኛው ነው።

ትልቁም ሞላ እንዲሁ ነው። ሞላው ከመጠን በላይ ከሳሳ መዶሻው መቀስቀሱ ይቀላል፤ ነገር ግን ቆቡ ሲፈነዳ የሚመለሰው ኃይል መዶሻውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ቆቡም እየተቀደደ ይወድቃል። እንግዲህ እንዲቀልልዎት የጠየቁት ነገር ሊጠገንልዎት ያመጡትን በሽታ መልሶ ያመጣብዎታል። ለዚህ ነው ባለሙያው አንዱን ክፍል ለብቻው የማያየው፤ አንዱን ሲነካ አምስቱን ያስባል።

«ታዲያ ሞረድና ካቻቢቴ ገዝቼ እኔው ብሠራውስ?» የሚል ጥያቄ በተማሪዎች ዘንድ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ፍላጎቱ የሚመሰገን ነው። ፈትቶ ማጽዳት፥ ዘይት መቀባት፥ ጡት መለወጥ ሁሉም ሊማረው የሚችል ነው። ጥርሱንና መቀርቀሪያውን ግን አይንኩ። በሞረድ የተወሰደ ብረት ተመልሶ አይበቅልምና።

ባለሙያው ሊያስተካክላቸው የማይችላቸው፥ የባለ ሽጉጡ ግዴታ የሆኑም ነገሮች አሉ። በባለ ቆብ ሽጉጥ ውስጥ ከጥቁር ባሩድ ወይም በእርሱ ፈንታ ለዚሁ ተብሎ ከተሠራ ቅመም በቀር ሌላ አይገባም፤ የዛሬው ጢስ አልባ ባሩድ ከገባበት ከበሮውን ይበትነዋል። እርሳሱ ከቤቱ ከጠበበ ወይም ቆቡ ላላ ካለ የአንዱ ቤት እሳት ወደ ጎረቤቱ ተሻግሮ ሁለት ሦስቱ በአንድ ጊዜ ሊተኰሱ ይችላሉ። ጥንቁቅ ሰው አምስት ብቻ ይጐርስና መዶሻውን በባዶው ቤት ላይ ያሳርፋል። በአሜሪካ ማዕከላዊ ሕግ፥ በ1968 እንደ ወጣው፥ ይህ ዓይነት ቅጂ ከጥንታዊ መሣሪያ ተቈጥሮ ከሌላው ሽጉጥ የተለየ አያያዝ አለው፤ የየክፍላተ ሀገሩ ሕግ ግን ይለያያል። ሕጉ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ቢቈጥረውም ሥጋ ያንን ልዩነት አያውቅም። የሚተፋው እርሳስ ዛሬም ይገድላል።

ሽጉጡ ሲመለስ

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሽጉጥዎን ይቀበላሉ። ላይ ላዩን ሲያዩት የተለወጠ ነገር የለም፤ እንዲያውም «ገንዘቤን ምን ላይ አዋልኩት?» ይላሉ። የሥራው ዋጋ ሽጉጡን የገዙበትን ያህል፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላልና ቅር ቢልዎት አይፈረድብዎትም። ነገር ግን መዶሻውን ወደ ኋላ ይሳቡት። ድሮ ይንቋቋ የነበረው ብረት አሁን በቅባት ላይ እንደሚሄድ ይሄዳል፤ ከበሮው ዞሮ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቀጥሎም መቀርቀሪያው ከቦታው ሲገባ ይሰማዎታል። ከሜዳው ወርደው ሲተኵሱ አምስቱም ይተኰሳሉ፤ ጢሱ ሲገለጥም አምስቱ ቀዳዳዎች ተቀራርበው ያገኟቸዋል።

ከዚያም ሳያመሹ ያጥቡታል። የጥቁር ባሩድ ጥላሸት ጨው ያለበት ነውና እርጥበት እየሳበ ብረቱን ያዝገዋል። ሙቅ ውሃና ሳሙና ይበቃዋል፤ በኋላ በሚገባ አድርቆ ዘይት መቀባት ነው። ይህን የማያደርግ ሰው ለባለሙያው የከፈለውን ገንዘብ ከወንዝ እንደ ጣለው ይቈጠራል።

ታዲያ ያን ያህል ገንዘብ መክፈል ይገባል? ሽጉጡ ከግድግዳ የሚሰቀል ከሆነ አይገባም፤ ሐቀኛ ባለሙያም ራሱ ይህንኑ ይነግርዎታል። የሚተኰስበት ከሆነ ግን የከፈሉት ለጌጥ አይደለም። ፋብሪካው ዋጋውን ለማርከስ ሲል የተወውን የሰው እጅ ድካም በኋላ መክፈልዎ ነው። ርካሽ ዕቃ የቀረው ሒሳብ አንድ ቀን ይመጣል፤ በገንዘብ ካልተከፈለ በአደጋ ይከፈላል።

አንባቢዬ በመሥሪያ ቤት የሚያገለግሉ ከሆነ ይህን ነገር ያለ ሽጉጥም ያውቁታል። ደብዳቤው በመኪና ተጽፎ፥ በንጹሕ ወረቀት ላይ ወጥቶ፥ ከሩቅ ሲታይ ያማረ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ቍጭ ብሎ ቍጥሩንና ስሙን፥ ቀኑንም አንድ በአንድ ካላረመው ግን ፊርማ አይገባውም። የዚያ አራሚ ሰው ስም በደብዳቤው ላይ አይጻፍም። የባለሙያውም ስም በሽጉጡ ላይ የለም፤ መዶሻውን ወደ ኋላ ሲስቡ ግን እጁን ያገኙታል።